የባዮፊውል ግብዓት ከምንጩ እስከ ማደያው፦ ስለ ዱካ ክትትል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአትክልት ዘይት፣ ከእንስሳት ስብ፣ ከሞላሰስ ወይም ከሰብል ተረፈ ምርት የሚሠራ ነዳጅ (ባዮፊውል) በገበያ ላይ የሚኖረው ዋጋና በሕግ ፊት የሚያገኘው ቦታ የሚወሰኑት ግብዓቱ ከየት እንደመጣ በሰነድ ማስረዳት ሲቻል ነው። ከዚህ በታች ለቀረቡት ጥያቄዎች መልስ ስንሰጥ በአብዛኛው ያገለገለ የምግብ ዘይትን ጉዞ እንከተላለን፤ የክትትሉ ሥርዓት ጥንካሬውም ድክመቱም ጎልቶ የሚታየው በዚህ ግብዓት ላይ ነውና። ዓመቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የግብዓትን ዱካ መከታተል ሲባል ምን ማለት ነው?

ለገበያ የቀረበ ባዮዲዝል ወይም ኤታኖል ከጥሬ ዕቃው ጀምሮ ያለፈበትን እጅ ሁሉ በሰነድ መልሶ ማግኘት መቻል ማለት ነው። በየደረጃው ማን ከማን እንደተረከበ፣ መጠኑ ስንት ቶን እንደሆነ፣ ጥሬ ዕቃው ምን ዓይነት እንደሆነና በየትኛው አገር እንደተገኘ፣ እስከዚያ ደረጃ ድረስም ምን ያህል ሙቀት አማቂ ጋዝ እንደተለቀቀበት የሚገልጹ መረጃዎች ከዕቃው ጋር አብረው ይተላለፋሉ። ከእነዚህ አንዱ በመሐል ከጠፋ ቀጣዩ ተረካቢ ዕቃውን እንደ ማንኛውም ዘይት ሊሸጠው ይችላል፤ የዘላቂነት መስፈርት ያሟላ ነው ብሎ ሊያስመዘግበው ግን አይችልም።

ነዳጁ ሞተር ውስጥ ሲቃጠል ልዩነት ከሌለው መነሻው ለምን ይህን ያህል ያሳስባል?

ለሞተሩ ልዩነት የለውም፤ ለአየሩና ለመሬቱ ግን አለው። የአውሮፓ ኅብረት የታዳሽ ኃይል መመሪያ ባስቀመጠው ሠንጠረዥ መሠረት ካገለገለ የምግብ ዘይት የተሠራ ባዮዲዝል መደበኛ የልቀት መጠኑ በአንድ ሜጋጁል (የኃይል መለኪያ ነው) 14.9 ግራም ሲሆን፣ የፍሳሽ ኩሬው ክፍት በሆነ ፋብሪካ ከተመረተ የፓልም ዘይት የተሠራው ደግሞ 75.7 ግራም ነው። ማነጻጸሪያ ሆኖ የተወሰደው የፔትሮሊየም ነዳጅ ልቀት 94 ግራም ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ልቀትን በ84 በመቶ ሲቀንስ ሁለተኛው የሚቀንሰው በ20 በመቶ ብቻ ነው። ከ2021 ወዲህ ሥራ የጀመረ ፋብሪካ የሚያመርተው ነዳጅ ኅብረቱ ለትራንስፖርት ላስቀመጠው የታዳሽ ኃይል ግብ እንዲቆጠርለት ቢያንስ የ65 በመቶ ቅነሳ ማሳየት ይጠበቅበታል። ስለዚህ የፓልሙ ዘይት ባገለገለው ዘይት ስም ቢሸጥ በወረቀት ላይ ከሚታየው የልቀት ቅነሳ አብዛኛው በአየር ላይ አልተከናወነም ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መሬት ነው። በጥር 2008 ወይም ከዚያ ወዲህ ጥብቅ ደን፣ ረግረጋማ ስፍራ ወይም ብዝኃ ሕይወቱ የከበረ የሣር ምድር የነበረ መሬት ታርሶ የተገኘ ሰብል በመመሪያው ተቀባይነት የለውም። ይህ ለእኛ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በ2007 ገደማ በምሥራቅ ሐረርጌ ለጉሎ ልማት ለአንድ የውጭ ኩባንያ የተሰጠው መሬት ከባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ጋር መደራረቡ ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶ ነበር። ከዚያ ዓይነት መሬት የሚወጣ ዘይት ወደብ ሲደርስ ገዢው የሚያየው ጥርት ያለ የጉሎ ዘይት ብቻ ነው፤ ዝሆኖቹን የሚያነሣለት የመሬቱ ታሪክ የተመዘገበበት ሰነድ እንጂ ዘይቱ አይደለም።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። ያገለገለ ዘይትና ሌሎች ቆሻሻ ወይም ቅሪት ተብለው የተመደቡ ግብዓቶች በአውሮፓ የትራንስፖርት ግብ ስሌት በእጥፍ እንዲቆጠሩ ስለተፈቀደ፣ የተጠበሰበት ዘይት ካልተጠበሰበት የፓልም ዘይት በላይ የሚሸጥበት ጊዜ መጥቷል። ዋጋው በዚህ መልኩ ሲገለበጥ አዲሱን ዘይት አሮጌ አስመስሎ መሸጥ ትርፍ ያስገኛል። የክትትሉ ሥርዓት መቋቋም ያለበት ትልቁ ፈተና ይህ ነው።

ሰንሰለቱ የሚጀምረው ከየት ነው?

ግብዓቱ ሰብል ከሆነ ከእርሻው፣ ቆሻሻ ወይም ቅሪት ከሆነ ደግሞ ቆሻሻ ከሆነበት ቦታ ይጀምራል። ለምግብ ዘይት ይህ ቦታ የሬስቶራንቱ፣ የሆቴሉ ወይም የምግብ ፋብሪካው ማእድ ቤት ነው። ከዚያ ቀጥሎ ሰብሳቢው ይመጣል፤ ከሰብሳቢው በኋላ አጣርቶ የሚያከማቸው ነጋዴ፣ ከዚያም መርከብ፣ የወደብ ማጠራቀሚያ፣ ማጣሪያ ፋብሪካ፣ በመጨረሻም ከናፍጣ ጋር ቀላቅሎ የሚያከፋፍለው የነዳጅ ኩባንያ ይከተላሉ። ቆሻሻና ቅሪት ከመሰብሰባቸው በፊት ያለው ልቀት ዜሮ ተብሎ ስለሚያዝ፣ «ይህ ዘይት ቆሻሻ ነው» የሚለው የማእድ ቤቱ ቃል ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ስሌት በሙሉ ይሸከማል።

በእኔ እምነት የሥርዓቱ ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካውና ወደቡ የተመሰከረለት ሚዛን፣ የኮምፒዩተር መዝገብና የሕግ ክፍል አላቸው። ማእድ ቤቱ ያለው አንድ በርሜልና አንድ ፊርማ ብቻ ነው። ይሁንና የኋለኞቹ ሁሉ ትክክለኛነት በዚያ ፊርማ ላይ ይንጠለጠላል።

በአውሮፓ ሬስቶራንት አለኝ፤ ዘይት ሰብሳቢው የሚያስፈርመኝ ወረቀት ምንድን ነው?

የመነሻ ቦታ መግለጫ ነው። በወረቀቱ ላይ ሲፈርሙ የሚያስረክቡት ዘይት በሙሉ ምግብ የተጠበሰበት መሆኑን፣ ያልተጠቀሙበት ዘይት ወይም የሞተር ዘይት እንዳልተቀላቀለበት፣ ሆን ተብሎም ቆሻሻ እንዲሆን የተደረገ እንዳልሆነ ያረጋግጣሉ። ኦዲተር መጥቶ እንዲያይ መፍቀድዎም በዚያው ወረቀት ላይ ይሰፍራል። መግለጫው ለዘለዓለም አይሠራም፤ በየጊዜው መታደስ አለበት። ከእሱ በተጨማሪ በርሜሉ በተነሣ ቁጥር የርክክብ ደረሰኝ መቅረት የለበትም።

ደረሰኙን ሳያነቡ አይፈርሙ። በትክክል የተሞላ ደረሰኝ የቤቱን ስምና አድራሻ፣ ቀኑን፣ የተነሣውን ዘይት በኪሎ ወይም በሊትር፣ የሰብሳቢውን ስምና የተሽከርካሪውን ሰሌዳ ይይዛል። አንዳንድ ሾፌር መጠኑን ባዶ ትቶ «በኋላ እንሞላዋለን» ቢል እሺ አይበሉት፤ ባዶዋ ቦታ የሌላ ቦታ ዘይት በእርስዎ ስም የሚገባባት በር ልትሆን ትችላለችና። ጠንቃቃ ኦዲተር የሚያደርገው ማመሳከሪያ ቀላል ነው፤ በወር 60 ሊትር አዲስ ዘይት ገዝቶ ሳምቡሳና ዓሣ የሚጠብስ ቤት 90 ሊትር ያገለገለ ዘይት ሊያስረክብ አይችልም። ምግቡ ራሱ ዘይት ይዞ ስለሚሄድ የሚተርፈው ሁልጊዜ ከተገዛው ያነሰ ነው። ስለሆነም የዘይት መግዣ ደረሰኞችዎን ከርክክብ ደረሰኞቹ ጋር አብረው ቢያስቀምጡ ራስዎንም ይጠብቃሉ።

የመጠን ሚዛን የሚባለው አሠራር ምንድን ነው?

በዘርፉ «ማስ ባላንስ» እየተባለ የሚጠራው ይህ አሠራር መስፈርቱን ያሟላና ያላሟላ ዕቃ በአንድ ማጠራቀሚያ ውስጥ እንዲቀላቀል ይፈቅዳል፤ የሚጠይቀው የወጣው ከገባው እንዳይበልጥ ነው። ለምሳሌ በአንድ ጋን ውስጥ ሰነድ ያለው 600 ቶንና ሰነድ የሌለው 400 ቶን ዘይት ቢገባ፣ የጋኑ ባለቤት ለደንበኞቹ ከዘላቂነት ሰነድ ጋር መሸጥ የሚችለው በድምሩ 600 ቶን ብቻ ነው። የትኛው ደንበኛ በእርግጥ የትኛውን ጠብታ እንደወሰደ አይጠየቅም። ሒሳቡ በአንድ ቦታ ላይ የሚሠራ መሆን አለበት፤ በሮተርዳም የጎደለውን በሌላ ከተማ ባለ መጋዘን መሙላት አይቻልም። የሒሳቡ መዝጊያ ጊዜ ለእርሻዎችና የእርሻ ወይም የደን ምርት ብቻ ለሚረከቡ የመጀመሪያ መሰብሰቢያ ጣቢያዎች እስከ 12 ወር፣ ለሌሎቹ ግን እስከ 3 ወር ነው፤ በመዝጊያውም ቀን ከነበረው በላይ ተሽጦ መገኘት የለበትም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰነዶቹን እንደ ዘይቱ የሚቀላቀሉ አድርጎ በማሰብ ነው። የ600 ቶኑ ግማሽ ከኬንያ የመጣ ያገለገለ ዘይት፣ ግማሹ ደግሞ የፈረንሳይ የጎመን ዘር ዘይት ቢሆን፣ በሰነድ ላይ ሁለቱ እስከ መጨረሻው ለየብቻ ይቆያሉ። የልቀት አኃዛቸውን አማካይ አውጥቶ ለሁለቱም መስጠት አይፈቀድም።

ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ የመለወጫ ስሌት ይጨመራል። ወደ 100 ኪሎ ዘይት ከ10 ወይም 11 ኪሎ ሜታኖል ጋር ሲዋሐድ ወደ 100 ኪሎ ባዮዲዝልና 10 ኪሎ ያህል ግሊሰሪን ይሰጣል። ኦዲተሩ የሜታኖሉን ግዥና የግሊሰሪኑን ሽያጭ ማየት የሚፈልገው ለዚህ ነው። ባዮዲዝል አመረትኩ የሚል ፋብሪካ ያን ያህል ሜታኖል ካልገዛና ያን ያህል ግሊሰሪን ካላስወጣ፣ የባዮዲዝሉ አኃዝ ከወረቀት የዘለለ አይደለም።

ታዲያ እኔ የቀዳሁት ነዳጅ በእርግጥ ከተባለው ግብዓት የተሠራ መሆኑን ማወቅ እችላለሁ?

በመጠን ሚዛን በሚሠራ ሰንሰለት አይችሉም። ማወቅ የሚችሉት በእርስዎ ግዥ ምክንያት ያን ያህል መጠን ወደ ሥርዓቱ መግባቱን ብቻ ነው። ከመነሻ እስከ መድረሻ ዕቃውን ለይቶ የማቆየት አሠራርም አለ፤ ግን ለየብቻ ጋን፣ ለየብቻ ቧንቧ፣ አንዳንዴም ለየብቻ መርከብ ስለሚጠይቅ ለነዳጅ እምብዛም አይመረጥም። የመጠን ሚዛን ማታለያ ነው ብለው የሚያጣጥሉት ወገኖች አሉ። እኔ አልስማማም፤ ሚዛኑ ላይ ያለው ሰው ታማኝ እስከሆነ ድረስ ስሌቱ ትክክለኛ ነው፤ ከስሌቱ ይልቅ የሚያሳስበው ወደ ስሌቱ የሚገባው የመጀመሪያው ቁጥር ነው።

የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ማን ነው?

የአውሮፓ ኮሚሽን ራሱ ፋብሪካ ለፋብሪካ እየዞረ አይመረምርም። «በፈቃደኝነት የሚሠሩ ሥርዓቶች» ለሚባሉ ተቋማት ዕውቅና ይሰጣል፤ ከእነዚህ መካከል መቀመጫውን በጀርመን ኮሎኝ ያደረገው አይ ኤስ ሲ ሲ፣ በጄኔቭ የሚገኘው አር ኤስ ቢ፣ እንዲሁም የጀርመኑ ሬድሰርት ይገኙባቸዋል። እነዚህ ደንቡን ያወጣሉ፤ ምርመራውን የሚያደርጉትና ወረቀቱን የሚሰጡት ደግሞ ገለልተኛ የተባሉ የኦዲት ድርጅቶች ናቸው። ወረቀቱ በየዓመቱ በኦዲት ይታደሳል።

የዚህ አደረጃጀት ጉድለት ግልጽ ነው። የኦዲተሩን ክፍያ የሚፈጽመው ተመርማሪው ድርጅት ነው፤ ጉብኝቱም በአብዛኛው አስቀድሞ በተነገረ ቀን ይካሄዳል። ኦዲተሩ የሚያየው ደግሞ የተዘጋጀለትን ፋይል ነው። መንግሥታት ኦዲተሮቹን የመቆጣጠር ሥልጣን በመመሪያው ተሰጥቷቸዋል፤ መነሻው በሌላ አህጉር የሆነ ዘይት ላይ ግን የአንድ የአውሮፓ አገር ባለሥልጣን እዚያው አገር ገብቶ ማእድ ቤት የመፈተሽ መብት የለውም።

የመረጃ ቋቱ ይህን ችግር ይፈታዋል?

ከፊሉን ይፈታል። የአውሮፓ ኅብረት ፈሳሽ ባዮፊውሎችን በሚመለከት ከ2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው የጋራ የመረጃ ቋት እያንዳንዱን ሽያጭ ከመጀመሪያው መሰብሰቢያ ጣቢያ አንሥቶ ያስመዘግባል። ቀድሞ የዘላቂነት ሰነዱ በወረቀት ወይም በፒዲኤፍ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ስለነበር፣ አንዱን ሰነድ ለሁለት ገዢ ወይም በሁለት አገር መሸጥ ይቻል ነበር። ሻጩ ያወጣው መጠን ከሒሳቡ ላይ ካልተቀነሰ በስተቀር ገዢው ሊያስገባ በማይችልበት ቋት ውስጥ ይህ ዓይነቱ ማጭበርበር ይከብዳል። ነገር ግን ቋቱ የተነገረውን ይመዘግባል እንጂ በርሜሉ ውስጥ ያለውን አያይም። ሐሰት የሆነ የመጀመሪያ ቁጥር ከገባ፣ ቋቱ ያንኑ ሐሰት ሳያዛንፍ እስከ መጨረሻው ያደርሰዋል።

ላቦራቶሪ ለምን ቁርጡን አይነግረንም?

ጥያቄው በትክክል ከተጠየቀ ይነግራል። ነዳጁ ከዕፅዋትና ከእንስሳት ነው ወይስ ከፔትሮሊየም ለሚለው ጥያቄ ካርቦን 14 የማያወላዳ መልስ አለው። ይህ ራዲዮአክቲቭ ካርቦን ግማሹ ለመጥፋት 5,730 ዓመት ይፈጅበታል፤ በቅርቡ የበቀለ ተክል ይዞት ይገኛል፣ በሚሊዮን ዓመታት ዕድሜ ያለው ድፍድፍ ነዳጅ ግን ምንም አልቀረለትም። ማጣሪያ ፋብሪካዎች የአትክልት ዘይትን ከድፍድፍ ጋር አብረው ሲያጣሩ ከየምርቱ ምን ያህሉ ታዳሽ እንደሆነ ለማወቅ የአውሮፓ ኮሚሽን በ2023 ባወጣው ደንብ ይህን ምርመራ አስገዳጅ ያደረገው ለዚህ ነው። ምርመራው እንዲያውም ጥቃቅኑን ሁሉ ያወጣል፤ ባዮዲዝል ከጋዝ በተሠራ ሜታኖል ከተመረተ፣ ኦሊይክ አሲድ ከተባለው የስብ አሲድ የሚገኘው ሞለኪውል ካሉት 19 የካርቦን አተሞች አንዱ ከፎሲል የመጣ በመሆኑ ያም በውጤቱ ላይ ይታያል።

ዘይቱ ተጠብሶበታል ወይስ አልተጠበሰበትም ለሚለው ጥያቄ ግን ካርቦን 14 መልስ የለውም፤ ዛሬ የተጨመቀው የፓልም ዘይትም ትናንት ሳምቡሳ የተጠበሰበትም እኩል አዲስ ካርቦን ናቸውና። እዚህ ላይ ኬሚስቶች ሌሎች ምልክቶችን ይፈልጋሉ። ዘይት በከፍተኛ ሙቀት ሲቆይ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተያይዘው ይከብዳሉ፤ ከምግቡ የሚወጣው ውኃም ዘይቱን እየሰባበረ ነፃ የስብ አሲድ ያበዛበታል። የስብ አሲዶቹ ስብጥርም ፍንጭ ይሰጣል፤ የፓልም ዘይት 44 በመቶ ያህሉ ፓልሚቲክ አሲድ ሲሆን፣ በሶያ ዘይት ውስጥ ይኸው አሲድ ከ11 በመቶ ብዙም አይርቅም። ሰዎች በአብዛኛው በሶያ ዘይት ከሚጠብሱበት አካባቢ የተሰበሰበ ነው የተባለ ዘይት የፓልም መልክ ይዞ ከቀረበ ጥርጣሬው በቂ ምክንያት አለው። ሆኖም ሕዝቡ በፓልም ዘይት በሚጠብስበት በደቡብ ምሥራቅ እስያ ይህ ፍንጭ አይረዳም፤ አዲስ ዘይት ውስጥ የተወሰነ አሮጌ ጨምሮ መጠነኛ የመበላሸት ምልክት እንዲያሳይ ማድረግም አስቸጋሪ አይደለም። ላቦራቶሪው ጥርጣሬን ሊያስነሣ ወይም ሊያጠናክር ይችላል፤ በማእድ ቤቱ በር ላይ ያልተመዘገበውን ታሪክ ግን ከፈሳሹ ውስጥ አንብቦ ሊያወጣው አይችልም።

መንግሥታት በማጭበርበር ላይ ምን እርምጃ ወስደዋል?

እርምጃዎቹ በአብዛኛው በንግድ በኩል የመጡ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ከቻይና በሚገባ ባዮዲዝል ላይ በ2024 ጊዜያዊ፣ በየካቲት 2025 ደግሞ ቋሚ የፀረ ዋጋ ሰበራ ቀረጥ ጥሏል። ቻይና ያገለገለ የምግብ ዘይት ለሚልኩ ነጋዴዎቿ ትመልስላቸው የነበረውን የ13 በመቶ ታክስ ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ አንሥታለች። ኢንዶኔዥያም በጥር 2025 ያገለገለ ዘይትና የፓልም ፋብሪካ ተረፈ ምርት ወደ ውጭ የሚላክበትን ሥርዓት አጥብቃለች። እነዚህ እርምጃዎች የየራሳቸው የኢኮኖሚ ምክንያት አላቸው፤ ዱካን ለማስተካከል የታሰቡ ናቸው ብሎ ማቅረብ ስሕተት ይሆናል።

የአሜሪካ አሠራር በምን ይለያል?

አሜሪካ በ2005 በወጣውና በ2007 በተስፋፋው የታዳሽ ነዳጅ ሕጓ «ሪን» የሚባል 38 አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር ትጠቀማለች። የተመረተው ነዳጅ ቁጥር ይሰጠዋል፤ አንድ ጋሎን ኤታኖል አንድ ሪን ሲያስገኝ አንድ ጋሎን ባዮዲዝል አንድ ተኩል ያስገኛል። ነዳጁ ከተቀላቀለ በኋላ ቁጥሩ ከነዳጁ ተለይቶ ለብቻው ሊሸጥ ይችላል። ለብቻው የሚሸጥ ቁጥር ደግሞ ያለ ነዳጅ ሊፈበረክም ይችላል፤ በሜሪላንድ የነበረ አንድ ኩባንያ አንዲት ጋሎን ሳያመርት ከ30 ሚሊዮን በላይ ሪን ፈጥሮ ወደ 9 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ በመሸጡ ባለቤቱ በ2013 ከ12 ዓመት በላይ እስራት ተፈርዶበታል። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከዚህና ከመሰል ጉዳዮች በኋላ በ2014 ገለልተኛ ኦዲተሮች ቁጥሮቹን የሚያረጋግጡበትን መርሐ ግብር አቋቋመ። በ2025 በጸደቀው ሕግ ደግሞ የንጹሕ ነዳጅ አምራቾች የታክስ ማበረታቻ ከ2026 ጀምሮ በአሜሪካ፣ በካናዳና በሜክሲኮ ለተገኘ ግብዓት ብቻ የተወሰነ በመሆኑ፣ የመነሻ አገር ጥያቄ በቀጥታ የገንዘብ ጥያቄ ሆኗል።

የአውሮፕላን ነዳጅንስ ይመለከታል?

አሁን ከሁሉ በላይ የሚመለከተው እሱን ነው። በአውሮፓ ኅብረት ኤርፖርቶች ነዳጅ የሚያቀርቡ ኩባንያዎች ከ2025 ጀምሮ 2 በመቶ፣ በ2030 6 በመቶ፣ በ2050 ደግሞ 70 በመቶ ዘላቂ የአቪዬሽን ነዳጅ እንዲያቀርቡ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። ከዚያ የሚነሡ አየር መንገዶችም የየትም አገር ቢሆኑ ለጉዟቸው ከሚያስፈልጋቸው ዓመታዊ ነዳጅ ቢያንስ 90 በመቶውን እዚያው መቅዳት አለባቸው። ስለዚህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከፍራንክፈርት ሲነሣ የሚቀዳው ነዳጅ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለፈ ነው። በዛሬው ጊዜ የዚህ ነዳጅ ዋነኛ ግብዓት ያው ያገለገለ ዘይትና የእንስሳት ስብ በመሆኑ ፍላጎቱ ሲጨምር የማጭበርበር ፈተናውም አብሮ ይጨምራል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ጉዳይ ለማን ይጠቅማል?

ኢትዮጵያ ከስኳር ፋብሪካዎቿ ሞላሰስ የሚገኘውን ኤታኖል ከቤንዚን ጋር በ2008 በ5 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ በ10 በመቶ መጠን ቀላቅላ አዲስ አበባ ላይ ሸጣለች። ነዳጁ ለአገር ውስጥ ገበያ ስለነበር የውጭ የዘላቂነት ሰነድ አላስፈለገውም። ወደ ውጭ ይላክ ቢባል ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ሞላሰሱ በምን ይመደባል የሚለው ይሆን ነበር፤ ለከብት መኖና ለእርሾ የሚፈለግን ምርት ቆሻሻ ነው ብሎ መመዝገብ አያስኬድምና።

ከሞላሰስ ይልቅ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል ብዬ የማምነው የአበሻው ጎመን ዘር ነው። ከላይ ከጠቀስነው ከፈረንሳዩ የተለየ ነው፤ በእኛ ደጋ ጥንት ጀምሮ የሚበቅለውና እናቶቻችን ምጣድ የሚያሰሱበት ይኸው ዘር በሳይንሳዊ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ ይባላል። በጥቅምት 2012 የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ከእሱ በተሠራ መቶ በመቶ ባዮፊውል ሲቪል ጄት አብርሯል፤ በጥር 2018 ደግሞ የአውስትራሊያው አየር መንገድ ካንታስ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሜልቦርን ባደረገው በረራ ከነዳጁ 10 በመቶ ያህሉ ከእሱ የተሠራ ነበር። ዛሬ በኡራጓይና በአርጀንቲና ከዋናው ሰብል በኋላ ባለው የክረምት ወራት እየተዘራ፣ ሰነድ እየተዘጋጀለት ወደ ነዳጅ ገበያ ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 እንዲህ ዓይነት መሐል ወቅት ሰብሎችን ለባዮፊውል በሚደገፉ ግብዓቶች ዝርዝሩ ሲያካትት፣ በአካባቢው የምግብና የመኖ ሰብል በዓመት አንድ ምርት ብቻ የሚሰጥ መሆኑን፣ ተጨማሪ መሬት እንደማይፈለግና የአፈሩ ለምነት እንደሚጠበቅ ማሳየትን ቅድመ ሁኔታ አድርጓል። በልግና መኸር ሁለቱም በሚታረሱበት ወረዳ ይህን ማሳየት አይቻልም፤ በሌላ ቦታም ቢሆን ማሳው ባለፉት ዓመታት ምን እንደተዘራበት የሚገልጽ መዝገብ የሌለው ገበሬ መብቱን ሊያስከብር አይችልም።

ጎረቤታችን ኬንያ ግን ጀምራለች። የጣልያኑ የነዳጅ ኩባንያ ኢኒ በ2022 በማኩዌኒ የቅባት እህል መሰብሰቢያና መጭመቂያ ጣቢያ አቋቁሞ በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን ጭነት ከሞምባሳ በጣልያን ጌላ ወዳለው ማጣሪያው ልኳል። ከጉሎና ከሌሎች ቅባት እህሎች የሚገኘው ይህ ዘይት በትናንሽ ገበሬዎች ማሳ የሚጀምር ሰንሰለት ነው።

አነስተኛ ገበሬዎች ወጪውን ይችሉታል?

ለየብቻ አይችሉትም፤ ደንቡም ይህን ስለሚያውቅ የቡድን ምስክርነትን ይፈቅዳል። የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም የመሰብሰቢያ ጣቢያው ወረቀቱን ይይዛል፤ ኦዲተሩ ሁሉንም ማሳ ሳይሆን ቢያንስ የአባላቱን ብዛት ካሬ ሥር ያህል ናሙና ይጎበኛል። 400 አባላት ካሉ 20 ማሳ ማለት ነው። ለዚህም የእያንዳንዱ አባል ስም፣ የማሳው ስፋትና አቀማመጥ፣ ያስረከበው ምርትም መጠን በማኅበሩ መዝገብ ላይ መገኘት አለበት። ከማሳው ስፋት በላይ ምርት ያስረከበ አባል ካለ የጎረቤቱን ምርት በስሙ አስገብቷል ማለት ነው፤ ይህ በብዙ ቦታ ያለ ክፋት የሚደረግ መተጋገዝ ቢሆንም በኦዲት ላይ ቡድኑን በሙሉ ሊያስከስር ይችላል። ለገበሬው ይህን አስቀድሞ ማስረዳት የማኅበሩ ኃላፊነት ነው።

ዘይት መሰብሰብ ወይም ቅባት እህል ማቅረብ የምንፈልግ ከየት እንጀምር?

የምስክር ወረቀት ከመጠየቃችሁ በፊት የመዝገብ ልማድ ይኑራችሁ። ለዘይት ሰብሳቢ መነሻው ተከታታይ ቁጥር የታተመበት የደረሰኝ ጥራዝ፣ በየጊዜው የሚመረመር ሚዛንና ዘይት የሚያስረክቡ ቤቶች ስም ዝርዝር ነው። ጀሪካኖቹ ወደ ማጠራቀሚያው ከመገልበጣቸው በፊት ይመዘኑ፤ ከማጠራቀሚያው የሚጫነው ቦቴም ባዶውንና ሙሉውን ይመዘን፤ የሁለቱ ልዩነት በየወሩ ይመሳከር። ከምግብ ፍርፋሪና ከውኃ የሚጠፋው ክብደት ስንት እንደሆነ ራሳችሁ ለክታችሁ ጻፉት፤ ኦዲተር መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው፤ ምንም ብክነት የሌለው መዝገብም ከተጋነነ ብክነት እኩል ያጠራጥረዋል። ቅባት እህል ለሚያቀርብ ማኅበር ደግሞ ማሳዎቹ ከ2008 ጀምሮ የነበሩበትን ሁኔታ የሚያሳይ የቀበሌ ወይም የመሬት አስተዳደር ማስረጃና የሳተላይት ምስል አስቀድሞ ማሰባሰብ ይበጃል። ገዢ ከተገኘ በኋላ ይህን መፈለግ ጭነቱ ወደብ ላይ እንዲቆም ያደርጋል፤ ለቆመበት ቀንም የመጋዘን ኪራይ ይከፈላል።